1390ኛው ልጅ

የአሜሪካ ትልልቅ የቤዝቦል ክለቦች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በዓመት አንድ ጊዜ በተራ ይመርጣሉ። ምርጫውን ድራፍት ይሉታል። አንዱ ክለብ አንድ ልጅ ይጠራል፣ ቀጣዩ ሌላ ይጠራል፤ ሁሉም አንድ አንድ ጠርተው ሲጨርሱ አንድ ዙር አለቀ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተጠሩ ልጆች ስማቸው በጋዜጣ ይወጣል፣ ለፊርማ ብቻ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይቆረጥላቸዋል። ዙሩ እየገፋ ሲሄድ ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል። በቀድሞው ጊዜ የዙሩ ቁጥር ገደብ ስላልነበረው፣ ክለቦቹ አንድ በአንድ «በቃን» እያሉ ሲወጡ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ጥቂቶች ነበሩ።

በ1988 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ክለብ በ62ኛው ዙር አንድ የ19 ዓመት ልጅ ጠራ። ከእሱ በፊት 1389 ልጆች ተጠርተዋል። ማይክ ፒያዛ ይባላል። 1390ኛ ሆኖ የተጠራውም ችሎታውን አይቶ የፈለገው ሰው ስለነበረ አይደለም። አባቱና የዶጀርስ አሰልጣኝ አበልጆች ስለነበሩ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ልጅ፣ ስለ አባቱና በመካከላቸው ስለነበረው የጓሮ መረብ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቤዝቦል ላይ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት ዱላ ይመታል። ወርዋሪው ኳሷን በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስወነጭፋት ይችላል። ኳሷ ከእጁ ወጥታ መቺው ጋ እስክትደርስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት መቺው ኳሷ ወዴት እንደምትመጣ አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን ማዞር አለበት። በረጅም ዘመን ከአስር ሙከራ ሦስቱን ያሳካ ሰው ጎበዝ ይባላል፤ ሰባት ጊዜ የከሸፈበት ማለት ነው። ኳሷ ከሜዳው አጥር በላይ ከበረረች ደግሞ ሆም ራን ነው፤ ሕዝቡ ከመቀመጫው የሚነሳው ለእሷ ነው። ሆም ራን የሚመታ ክንድ ያለው ልጅ በክለቦች ዘንድ እንደ ወርቅ የሚፈለግ ነው። ችግሩ፣ ያ ክንድ በ18 ዓመት ልጅ ላይ ሁልጊዜ አይታይም። ሩጫ በሰዓት ይለካል፣ የእጅ ጥንካሬም ሲወረውር ይታያል። ጥሩ ወርዋሪ በገጠመው ጊዜ ኳሷን አጥር የሚያሻግር ኃይል ይኑረው አይኑረው ግን የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ማይክ ሲሮጥ ቀርፋፋ ነበር። የሚጫወተውም አንደኛ ቤዝ በሚባለው ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ሩጫ የማይጠይቅ፣ ብዙ ልጅ የሚሻማበት ቦታ። መልማዮች አይተውት አለፉ።

አባትየው ቪንስ ፒያዛ አላለፉትም። ቪንስ ዘራቸው ከሲሲሊ ደሴት ከመጡ ጣሊያኖች ሲሆን ያደጉት በፔንሲልቬንያ ግዛት ኖሪስታውን በምትባል ከተማ ነው። ትምህርታቸውን በልጅነታቸው አቋርጠው ሥራ ገቡ፤ ያገለገሉ መኪኖች እየሸጡ፣ ቆይተውም በቤትና በመሬት ንግድ እየሠሩ ሀብታም ሆኑ። ከባለቤታቸው ከቬሮኒካ አምስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ማይክ ሁለተኛው ነው። እናት አጥባቂ ካቶሊክ ነበሩ፤ ማይክ እምነቱን ያገኘው ከእሳቸው እንደሆነ በየአጋጣሚው ይናገራል። ከአባቱ ያገኘው ደግሞ ዱላውን ነው።

ቪንስ በግቢያቸው ጓሮ በመረብ የታጠረ የመምቻ ቦታ አሠሩ። የፔንሲልቬንያ ክረምት በረዶ የሚቆለልበት ስለሆነ ጣራም አበጁለት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ይገባል፤ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ኳስ ይመታል። የሠፈሩ ልጆች እሳት ዳር ሲቀመጡ እሱ ብርዱን ለብሶ ኳስ ይጠልዛል። ይህ ሳምንት ወይም ወር የቆየ ነገር አይደለም፤ ልጁ አድጎ ከቤት እስኪወጣ ዘለቀ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው በቤታቸው አንድ እንግዳ ተገኙ፦ ቴድ ዊልያምስ። እኚህ ሰው በ1941 ከአስር ሙከራ ከአራት በላይ ያሳኩ፣ ብዙ አሜሪካውያን እስከ ዛሬ የመቺዎች ሁሉ መምህር የሚሏቸው ናቸው። በጓሮው ቆመው ልጁን አዩትና አደነቁት። አመታቱን ማንም እንዳይለውጥበትም መከሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው ይኸው ልጅ 1390ኛ የወጣው። ትልቁ መምህር በአንድ ከሰዓት ያዩትን፣ ለዚሁ ሥራ ደሞዝ የሚከፈላቸው መልማዮች በዓመታት አላዩትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልጅን በየቀኑ በመረብ ውስጥ ኳስ ማስመታት የማን ፍላጎት ነው? የአባት ነው ወይስ የልጅ? እኛም ዘንድ ልጁ ሐኪም እንዲሆን፣ ኳስ ተጫዋች እንዲሆን፣ ራሱ ያጣውን በልጁ እንዲያገኝ የሚሻ ወላጅ ሞልቷል። ልጁም እሺ ይላል፤ ልጅ የሚወደውን አባቱን እምቢ ማለት ስለማይሆንለት። ማይክ አድጎ በ2013 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አባቱን አልወቀሰም፤ ምስጋናውን ነው የጻፈው። ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ግቢ አምስት ወንዶች ልጆች ናቸው ያደጉት። መረቡ ለሁሉም ክፍት ነበር። ወደ ትልቁ ሊግ የደረሰው አንዱ ብቻ ነው። አባት መረብ መሥራት ይችላል፣ ኳስ መግዛት ይችላል፣ ደጅ መጥናት ይችላል። መቶኛውን ኳስ መትቶ ለመቶ አንደኛው የሚዘጋጀው ልጅ ግን ያንን ያመጣው ከራሱ ነው፤ ለአራቱ ወንድሞቹ ያልታደለ ነገር ነበር።

ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ የጠራው ክለብ አልነበረም። ወደ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ በአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ለመምታት የቆመው ዘጠኝ ጊዜ ሲሆን የተሳካለት አንድ ጊዜ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ እዚያው ማያሚ ወደሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተዛወረ። በዚያ ጥሩ መታ፤ ግን አሁንም የሚፈልገው የለም።

እንግዲህ አበልጅየው የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ቶሚ ላሶርዳም የኖሪስታውን ልጅ ናቸው፤ እንደ ቪንስ ጣሊያናዊ ዘር፣ እንደ ቪንስ ደሃ አደግ። ከ1976 ጀምሮ የዶጀርስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆኑ፣ ከማይክ ወንድሞች የመጨረሻውን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውም ለልጁ ወጥቷል። ዶጀርስ ለጨዋታ ወደ ፊላደልፊያ ሲመጣ ማይክ ሜዳ ገብቶ ለተጫዋቾቹ ዱላ ያቀብል ነበር። በ1988 ድራፍት ቪንስ ለወዳጃቸው ነገሩን አነሱ፤ ላሶርዳም ክለቡን ለመኑ። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ልጁ የተሻለ ኮሌጅ እንዲያገኝ ይረዳው ይሆናል በሚል ነበር ልመናው። ዶጀርስም የአሰልጣኙን ፊት አይቶ፣ ከስድሳ አንድ ዙር በኋላ ጠራው።

ጠርቶት ሲያበቃ የሚያስፈርመው ሰው አልላከም። ሳምንታት አለፉ። ደብዳቤም ሰውም ወደ ፒያዛ ቤት የሚመጣ ጠፋ።

ላሶርዳ ግን ነገር ከጀመሩ የሚተዉ ሰው አልነበሩም። ልጁን ሎስ አንጀለስ አስመጥተው በዶጀርስ ስታዲየም ፈተና አዘጋጁለት። የክለቡ የመልማዮች ኃላፊ ቤን ዌድ ቆመው አዩ። ማይክ በጓሮ የለመደውን አደረገ፤ ኳሶቹን እያከታተለ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ ላካቸው። ኃላፊው አልተዋጠላቸውም፤ አንደኛ ቤዝ የሚጫወት ቀርፋፋ ልጅ ምን ያደርግልናል አሉ። ላሶርዳ እንዲህ የሚመታ ካቸር ቢሆንስ ኖሮ ትቀበሉት ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። በሉ እንግዲያውስ ካቸር ነው አሉ። ልጁ በሕይወቱ ካቸር ሆኖ አያውቅም። በ15 ሺህ ዶላር ፈረመ።

ካቸር ማለት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበለው ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ጉልበቱ ያልቃል፣ ጣቱ ይሰበራል፣ ኳስ ደረቱንና ትከሻውን ይነርተዋል። በዚያ ላይ የወርዋሪውን ጠባይና የተቃራኒ መቺዎችን ሁሉ ድክመት በቃሉ መያዝ አለበት። ሥራው ከባድ ስለሆነ ክለቦች ካቸር እንዲመታላቸው ብዙም አይጠብቁም፤ ተግቶ ከያዘ ይበቃቸዋል። ለዚህ ነው በደንብ የሚመታ ካቸር እንደ ብርቅ የሚታየው። ላሶርዳ ይህን ያውቁ ነበር። ምልጃ ብቻ ቢሆን ልጁን እንደ ነበረ አስፈርመው በተዉት። እሳቸው ግን ያለውን ችሎታ የሚፈልግ ቦታ ፈለጉለት። በእኔ አስተያየት ከልመናቸው ሁሉ የበለጠው ውለታ ይህ ነው።

«በዘመድ ገባ» የሚለውን ነገር እኛም በደንብ እናውቀዋለን። ስንቱ ቢሮ ነው በአበልጅና በአብሮ አደግ የተሞላው! አንባቢ የልጁን ታሪክ እስከዚህ ሲሰማ ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ እኔንም ቅር ብሎኛል። ቤዝቦል ግን ከቢሮ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ የማን ልጅ እንደሆንክ አትጠይቅም።

በመጀመሪያው ክረምት ማይክ ራሱ ጠይቆ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደ። ዶጀርስ እዚያ የራሱ ማሠልጠኛ አለው፤ የዚያች ድሃ ደሴት ልጆች ተመርጠው እየበሉ፣ እየተኙ የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው። ወደዚያ ለመግባት ከአሜሪካ ልጆች የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገራል። የሀብታም ልጅ ነው፤ አባቱ ሆቴል ሊያስቀምጡት ይችሉ ነበር። እሱ ግን ቋንቋውን ከማይችላቸው ልጆች ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አደረ፣ የሚበሉትን በላ፣ ቁጢጥ ብሎ ኳስ መያዝን ከመጀመሪያው ፊደል ቆጠረ። አሜሪካ የመግባት ሕልም ያላቸው ልጆች በሚጎርፉበት መንገድ እሱ ወደ ኋላ ተጉዞ ነበር።

ከዚያ ታችኛው ሊግ ቀጠለ። አሜሪካኖች ማይነር ሊግ ይሉታል። እያንዳንዱ ትልቅ ክለብ ከሥሩ የሚያሳድጋቸው ትንንሽ ቡድኖች አሉት። እርከናቸው እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ከጀማሪዎች ተነስቶ ሲንግል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እየተባለ ይወጣል። ልጆቹ በትንንሽ ከተሞች ይኖራሉ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ይጓዛሉ፣ ቀኑን ይጫወታሉ። አብዛኞቹ ከትልቁ ሊግ ሳይደርሱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በ1989 ማይክ በኦሪገን ግዛት ሳሌም ከምትባል ከተማ ቡድን ጋር ተጫውቶ ስምንት ሆም ራን መታ። በ1990 በፍሎሪዳ ቬሮ ቢች ስድስት ብቻ። ስድስት ለአንድ ኃይለኛ መቺ ምንም ነው። በዚያ ላይ ስሙ ታውቋል። የላሶርዳ ልጅ፣ የሀብታም ልጅ፣ በምልጃ የገባ። ለአንድ ቦታ አስር ልጅ በሚሻማበት ቡድን ውስጥ እንዲህ ተብሎ መኖር ምን እንደሚመስል አስቡት። ከተመታው ኳስ ይልቅ የሚወራው ማን እንዳስገባው ነው። ወንበር ላይ የመቀመጡ ነገር በዛ፣ ከአሰልጣኙ ጋርም አልተስማማ። አንድ ቀን ዕቃውን ሰብስቦ ቡድኑን ጥሎ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ማንም አይገረምም ነበር። የመልማዮቹ ዝርዝር ልክ ነበር፣ አባቱ በከንቱ ደከሙ ይባል ነበር። ማይክ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። አበልጅ የከፈተለትን በር እሱ ራሱ ዘግቶት ወጥቶ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ የገባው በራሱ እግር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ 29 ሆም ራን መታ። ከስድስት ወደ ሃያ ዘጠኝ! ምን ተለወጠ? ተአምር አልነበረም። ዕድሜው 22 ደርሷል፣ ሰውነቱ ጠንክሯል፤ ካቸርነቱም እጁ ገብቶ ሐሳቡን ሁሉ መያዙ ቀርቷል። ከሁሉ በላይ በየቀኑ መጫወት ጀመረ። ለልጅ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው፤ ዛሬ ቢከሽፍበት ነገም እንደሚጫወት ማወቅ። በ1992 በደብል ኤና በትሪፕል ኤ አልፎ በሴፕቴምበር ትልቁ ሊግ ገባ። በ1993 የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 35 ሆም ራን መታ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። የመረጡት ጋዜጠኞች ከላሶርዳ ጋር አበልጅነት የላቸውም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፤ በየመዝገቡ የሰፈረ ነውና። 427 ሆም ራን፤ ከእነዚህም 396ቱን የመታው ካቸር ሆኖ ሲጫወት ነው፤ በዚያ ቦታ ከእሱ የበለጠ የለም። በ1998 ወደ ኒውዮርክ ሜትስ ተዛወረ። በሴፕቴምበር 2001 ኒውዮርክ ከተጠቃች ከአስር ቀን በኋላ፣ በከተማዋ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ሰዉ በሐዘንና በፍርሃት ተቀምጦ ሳለ፣ በስምንተኛው ምዕራፍ ቡድኑን መሪ ያደረገችውን ኳስ ከአጥሩ በላይ ላካት። የኒውዮርክ ሰዎች ያችን ኳስ ዛሬም ያነሷታል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህማ አባቱ ሀብታም፣ አበልጁ አሰልጣኝ ስለነበሩ ነው፤ ዘመድ የሌለው ልጅስ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ በዚያው ጨዋታ ውስጥ አለ።

አልበርት ፑሆልስ የተወለደው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፤ ማይክ ኳስ መያዝ ሊማር በሄደባት አገር። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። የአያቱ ስም አሜሪካ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲ ቢጽፈው አይታመንለትም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ተቀመጠ። እንግሊዝኛ አያውቅም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ኳሷን ሲያበራት ያየ ሁሉ ይገረም ነበር። መልማዮች ግን ጥርጣሬ ገባቸው፤ ሰውነቱ ወፍራም ነው፣ የሚሆንበት ቦታ አይታወቅም፣ ዕድሜውም እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን አሉ። አንድ የታምፓ ቤይ መልማይ ብቻ ይህን ልጅ ውሰዱት ብሎ ለክለቡ ተሟገተ። ክለቡ ሳይወስደው በመቅረቱ ሰውየው ሥራውን ለቀቀ።

ፑሆልስ በ1999 በ13ኛው ዙር 402ኛ ሆኖ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ወጣ። ክለቡ አስር ሺህ ዶላር አቀረበለት። ይህ ያለምንም አማላጅ የቆመ የስደተኛ ልጅ እምቢ አለ! በጋውን ካንሳስ ሄዶ የኮሌጅ ልጆች በሚጫወቱበት ውድድር መታ፤ ክለቡ አይቶ ወደ ስድሳ ሺህ ገደማ ከፍ አደረገለት፤ ያኔ ፈረመ። በታችኛው ሊግ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በ2001 ትልቁ ሊግ ገብቶ 37 ሆም ራን መታ፤ እሱም በሙሉ ድምፅ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። በ2022 ሲሰናበት 703 አድርሶ ነበር። በጨዋታው ታሪክ ሰባት መቶን ያለፉት አራት ሰዎች ናቸው።

አያቱ የመልማዩን መዝገብ አላነበቡ፣ የክለቡን በር አላንኳኩ። ልጁን አበሉ፣ ቀጡ፣ አሳደጉ። ምን ቢያደርጉ ይሻል ነበር ብትሉኝ የምጨምረው የለኝም። ለፑሆልስ የቪንስን ያህል የተሟገተለት ያ ሥራውን የለቀቀ መልማይ ነበር፤ ዝምድና ሳይኖረው።

ወደ ዛሬው ስንመጣ ነገሩ ተለውጧል። ድራፍቱ በ2012 በ40 ዙር ተገደበ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ 20 ዙር ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት የታችኛው ሊግ ቡድኖችም ተቀንሰው 120 ቀሩ። በየዓመቱ የሚጠሩት ልጆች ስድስት መቶ አካባቢ ናቸው። 62ኛ ዙር የሚባል ነገር የለም፤ ማይክ ፒያዛ ዛሬ 19 ዓመቱ ቢሆን ላሶርዳም ቢለምኑ ስሙን የሚያስገቡበት መስመር አያገኙም። ያልተጠራ ልጅ በራሱ ከክለብ ጋር ተዋውሎ መግባት ይችላል፤ መንገዱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። ክለቦቹ አሁን ኳስ ከዱላ ላይ በስንት ፍጥነት እንደተነሳች በመሣሪያ ይለካሉ። ይህ መሣሪያ ያኔ በፒያዛ ጓሮ ቢኖር ኖሮ መልማዮቹ በሰልፍ ይመጡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ የተሻለ ነገርም አለ። ለብዙ ዓመታት በታችኛው ሊግ ያሉ ልጆች የሚከፈላቸው ለቤት ኪራይ የማይበቃ ነበር፤ ልጆቹን የሚደጉመው ወላጅ ነው። የቪንስ ልጅ በዚህ አልተቸገረም፤ ሌላው ግን ከውድድር ዘመን ውጭ የቀን ሥራ እየሠራ ነበር የሚዘልቀው። ተጫዋቾቹ በ2022 ማኅበር አቋቋሙ። በ2023 በተፈረመው ስምምነት በሲንግል ኤ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ከ11 ሺህ ዶላር ወደ 26 ሺህ 200፣ በትሪፕል ኤ ወደ 35 ሺህ 800 ዶላር ከፍ አለ። በአሜሪካ ኑሮ ይህ ብዙ አይደለም። ግን በስድስት ሆም ራን ያለቀ ዓመት ያሳለፈ ልጅ ሌላ አንድ ዓመት እንዲሞክር ያስችለዋል፤ ለዚያ ልጅ ደግሞ አንድ ዓመት ትልቅ ነገር ነው።

ማይክ ፒያዛ ጨዋታ ካቆመ በኋላ የታላላቆች መዝገብ ለሚባለው ክብር ሦስት ጊዜ ለምርጫ ቀርቦ ወደቀ። ቁጥሩ አንሶት አልነበረም። በእሱ ዘመን ብዙ ኃይለኛ መቺዎች የተከለከለ መድኃኒት ይወስዱ ስለነበር በእሱም ላይ ሐሜት ነበረ። እሱ በመጽሐፉ ያኔ ያልተከለከለ አንድ ማጠናከሪያ መውሰዱን አምኖ፣ የተከለከለውን አልወሰድኩም አለ። በምርመራ የተገኘበት ነገር የለም። በአራተኛው ጊዜ፣ በ2016፣ ከመቶ 83 ድምፅ አግኝቶ ገባ።

በዚያው ቀን ከእሱ ጋር የገባው ኬን ግሪፊ ልጅየው ነበር። ልጅየው የምንለው አባቱም ኬን ግሪፊ ስለሚባሉና ራሳቸው የታወቁ ተጫዋች ስለነበሩ ነው። በ1990 አባትና ልጅ በአንድ ቡድን ተሰልፈው፣ በአንድ ምሽት ተከታትለው ሆም ራን መትተዋል። ልጅየው በ1987 ድራፍት ከሁሉም በፊት የተጠራ ነው፤ አንደኛ። አንደኛ ሆኖ ተመርጦ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ማይክ ደግሞ በድራፍት ከተጠሩት መካከል ከሁሉም ታች ወጥቶ እዚያ የደረሰው ነው። በጁላይ ወር ኩፐርስታውን በምትባለው ትንሽ ከተማ አንደኛውና 1390ኛው ጎን ለጎን ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቪንስ ፒያዛ በተመልካቹ መካከል ነበሩ። ሸምግለዋል፣ ጤናቸውም ታውኳል። ማይክ ለንግግር ተነስቶ የአሰልጣኞቹን፣ የወንድሞቹን ስም ጠራ፣ እናቱን ስለ እምነቷ አመሰገነ። ወደ አባቱ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፤ እንባውን እየጠረገ ቀጠለ። ከንግግሩ መካከል ጥቂቱን በጣሊያንኛ ተናገረ፤ ከሲሲሊ በመጡት በአያቶቹ ቋንቋ።